ያላበው ቱቦ

በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሳፋ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ማየት ያስቃል። ከባሕር ማዶ ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰች ሁለት ሳምንት ያልሞላት ወጣት፣ አንዱን ሳፋ በብብታቸው ይዘው ሌላውን እንደ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌ ከሱቅ ሲወጡ አየች። ጠጋ ስትል የገዛ አጎቷ ናቸው፤ ሰፈሩ በስፌታቸው የሚምልላቸው ልብስ ሰፊ።

"አጎቴ! ይህ ሁሉ ሳፋ ለምንድን ነው?"

"ጣሪያዬ ያፈሳል፣ የኔ ልጅ።"

ቀና ብላ ሰማዩን አየች። አንዲት ደመና እንኳ የለችም።

"ከዘነበ ስንት ጊዜው ነው?"

"ሁለት ወር አልፎታል።"

"ታዲያ ምኑን ያፈሳል?"

"የቆርቆሮን ተንኮል ነዋ!"

ቆርቆሮ የሚሏቸው ጣሪያቸውን የሠሩላቸውን ጎረቤታቸውን፣ ጣሪያ ሠሪውን ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረው ወዳጅነታቸው በዚያ ጠብታ ምክንያት ከተበላሸ ወር ሆኖታል። ልብስ ሰፊው "ጣሪያዬን አበላሸው" እያሉ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሲያወሩ፣ ጣሪያ ሠሪው ስማቸው መጥፋቱን ቢሰሙ ጊዜ ቤታቸውን ሸጠው ከሰፈሩ ሊለቁ ቆረጡ። ገዢው በማግስቱ ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው።

ልጅቱ የተማረችው ስለ ቤት ማቀዝቀዣ ነው፤ ግን በሩቅ አገር የሠራ ነገር እዚህም ይሠራ እንደሆነ ትጠራጠር ነበር። ውሃ ግን አገር አይመርጥም ብላ ተከተለቻቸው።

በስፌት ክፍሉ ኮርኒስ ላይ፣ በማቀዝቀዣው የአየር መውጫ ዙሪያ ቢጫ እድፍ ወጥቷል። ከመሃሉ ጠብ ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠብ። መውጫው በቁርጥራጭ ጨርቅ ተወትፏል።

"ይህን ማን ወተፈው?"

"እኔ ነኝ። ሲያንጠባጥብ አፉን ዘጋሁት።"

"ከዚያስ?"

"ባሰበት።"

"ይብስበታል እንጂ! ቀዝቃዛው አየር መውጫ ሲያጣ አየሩን በኮርኒሱ ላይ የሚያመጣው ቱቦ ጭራሽ በረዶ ይሆናል።"

"ቱቦውን ተይው። የሚያንጠባጥበው ጣሪያው ነው።"

ልጅቱ ወደ ማድ ቤት ገባች። በብርጭቆ ቀይ ሽሮፕ በበረዶ ውሃ በጥብጣ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ብዙም ሳይቆይ ብርጭቆው በውጭ በኩል ጤዛ አወጣ።

"ብርጭቆው ተሰንጥቋል፣ አጎቴ?"

"ኧረ ደህና ነው።"

"በጣትዎ ይጥረጉትና ይዩት።"

ጠረጉ። "ነጭ ውሃ ነው። ውስጡ ያለው ግን ቀይ ነው... ታዲያ ይህ ከየት መጣ?"

"ከዚህ ክፍል አየር። እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ሆኖ ይቀራል። የእርስዎም ቱቦ እንዲሁ ነው የሚያልበው።"

"ታዲያ ቱቦው ስንት ዓመት ሲኖር ለምን አላበውም?"

ልጅቱ ይህን ለማጣራት መሰላል አቁማ ኮርኒሱ ላይ ወጣች፤ ወዲያው ሳቋ ቤቱን ሞላው። ቱቦውን የሸፈነው ወፍራም ልባስ ከዳር እስከ ዳር ጠብቦ በጥሩ ክር ተሰፍቷል።

"ይህንስ ማን ሠራው?"

"ማን ይሠራዋል? አይጥ አለች ብዬ ልፈትሽ ብወጣ፣ ጆንያ የለበሰ መስሎ ዝርክርክ ብሎ አገኘሁት። በኔ ቤት ልኩ ያልሆነ ልብስ የሚለብስ የለም! አጠበብኩት።"

"አጎቴ፣ ጥጥ የተሞላ ጃኬት ሲሰፉ ጥጡን እስኪለጠፍ ይጨፈልቁታል?"

"ቂል መሰልኩሽ? ጥጡ ካልተነፋ በምን ይሞ..." አሉና አፋቸውን ያዙ።

"ይጨርሱታ!"

"መሃሉ ያለው አየር ነው የሚያሞቀው። እኔ ደግሞ አየሩን አስወጣሁት።"

"የመርፌውም ቀዳዳ እርጥቡን አየር ያስገባል። መቼ ነው የሰፉት?"

"የዛሬ... ወር ከሳምንት።" ቀስ ብለው አንገታቸውን ደፉ። "ወይ ጉድ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስል! ያን ምስኪን ምን አድርጌዋለሁ?"

በዚያው ከሰዓት በኋላ አብረው ሠሩ። ስፌቱን ፈተው ልባሱን አላሉት፤ ቀዳዳዎቹንና መጋጠሚያዎቹን ብርማ ፕላስተር ለጠፉባቸው። የመውጫውን ዙሪያ ክፍተት ደፈኑ፤ ጨርቁን አወጡ፤ በአቧራ የታፈነውን ማጣሪያ አጠቡ። ልጅቱ ማቀዝቀዣውን ከመጠን በላይ እንዳያበርዱ፣ ማድ ቤት ውሃ ሲፈላም እንፋሎቱ በመስኮት እንዲወጣ አደራ አለቻቸው።

ማታ ጠብታው ቆመ። አጎቷ ግን አላረፉም፤ ጎረቤታቸው ደጅ ሄደው አንኳኩ።

"ጣሪያህ ደህና ነው። ያፈሰሰው የኔው ስፌት ነው። ይቅር በለኝ።"

ጣሪያ ሠሪው በሩን በግማሽ ከፈቱ። "ስሜን ያጠፋኸው እኔ ዘንድ አይደለም፤ ሰው ዘንድ ነው። ለነገርካቸው ሁሉ ንገር።"

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ጥፋታቸውን ተናገሩ። ኮርኒስ እንዳይበሰብስ፣ ግድግዳ እንዳይሻግት፣ መብራት በከንቱ እንዳይፈጅ ቱቦ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚያስፈልገውም ጨመሩ፤ ከአስተማሪያቸው ይልቅ እሳቸው አጥብቀው አስተማሩ። ሦስት ጎረቤቶች በዚያው ቀን ኮርኒሳቸው ላይ ወጡ። ልጅቱም መጠራጠሯን ለዚያች ቀን ተወችው።

ገዢው ሲመጣ ጣሪያ ሠሪው "ቤቱ አይሸጥም" ብለው መለሱት። ከዚያ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደው ኮርኒሱ ላይ ወጥተው የተፈታውን ስፌት አዩና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"አንተ ሰው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱሪዬ ሲጠበኝ እኮ የወፈርኩ መስሎኝ ነበር!"