የረቡዕ ውስኪ በቡና

ቦሌ ስንኖር ነው፣ በደርግ ጊዜ። አውሮፕላን ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ አንድ ጠርሙስ ውስኪ አመጣልኝና ፈረንጆች ከትኩስ ቡና ጋር እንዴት እንደሚቀላቅሉት አሳየኝ። ያኔ ቤቱ ውስኪ የተገኘበት ሰው ቡርዧ መባሉ አይቀርም። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ታዲያ የቀበሌ ሰው እንዳያየኝ መጋረጃውን ዘጋሁና ቡና አፈላሁ፤ ስኳር ጨመርኩ፣ ውስኪውን አንቆረቆርኩበት፣ ከላይ የተመታ ስልባቦት ደፋሁ። ገና ሳልቀምሰው በሩ ተንኳኳ። ቀበሌ ነው ብዬ ስደነግጥ የባሰው መጣ። አማቴ ናቸው፤ ከጉርድ ሾላ ድረስ ዝናብ ሲደበድባቸው መጥተው ነጠላቸው በስብሷል።

ገና ከመቀመጣቸው ብርጭቆውን አንስተው አሸተቱት። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ቡና ነው እማማ፤ ትንሽ ውስኪ አለበት» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ብርጭቆውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ነጩስ?» አሉኝ።

«የወተት ስልባቦት ነው።»

«አንተ ሰው፣ በረቡዕ ምድር ወተት? ልጄን ለማን ነው የሰጠሁት?» ብለው ብርጭቆውን ወዲያ ገፉት። ከዚያ እርጥቡን ነጠላ እያወለቁ «በል ሂድና የጾም አድርገህ ቅዳልኝ፤ በውስኪው ግን እንዳትሰስት» አሉኝ።

መጋረጃውን እንደዘጋን፣ ጾማችንን ሳንገድፍ፣ ሞቆን አመሸን።