የሳቂታዋ እናት

ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሆይ፤ የዛሬዋን ሟች በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ሰው ነው፤ ሁላችሁም የሳቂታዋ እናት እያላችሁ ስለኖራችሁ፣ አጎታቸው የሚያነቡት ይህ ዜና ሕይወትም በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። አሁን ከፊት ወንበር የሚሰማው ሳቅ የልጃቸው ነው፤ ልጅቱ ስትጨነቅም፣ ሰው ሲበዛባትም ትስቃለችና ማንም እንዳይቆጣት፣ ማንም እንዳይታዘባት እንለምናለን።

የሳቂታዋ እናት ለአናጺ አባታቸውና ለልብስ አጣቢ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የተወለዱ ሲሆን፣ በልጅነታቸው ምላሳቸው ጤፍ የሚቆላ፣ ታናሽ እህታቸውን የነካውን ሁሉ ቡጢ የሚያቀምሱ፣ መምህር ሲቀጣቸው እንኳ የመጨረሻውን ቃል ሳይናገሩ የማይቀመጡ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጨረሻ ፍተሻ ክፍል ተቀጥረው፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ዳር ቆመው፣ የተበላሸውን ልብስ በመዳፋቸው እየዳበሱ ለይተው፣ ቀይ ምልክት እያሰሩ ወደሚቦጫጨቅበት ክፍል ሲልኩ ቆይተዋል። ምልክት ያልታሰረበትን ልብስ ጋሪ ገፊው አይነካውምና፣ እርሳቸው የቀሩ ቀን ክፍሉ በውዳቂ ይጣበብ ነበር።

ከፋብሪካው ሹፌር ጋር ተዋደው ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ዓመት ሞልቷት አልተቀመጠችም፤ በሦስት ዓመቷም አልተናገረችም፤ እንቅልፍ የላትም፣ አንዳንዴም ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ትወድቃለች፤ ሳቋ ግን አንጀት ይበላ ነበር። ባልየው ከእኔ ወገን እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም ባሉ ቁጥር፣ የሳቂታዋ እናት የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እያሉ በተረት አፋቸውን ያስይዟቸው ነበር።

ከብዙ መንከራተት በኋላ የምርመራው ውጤት ሲመጣ፣ ሐኪሟ ሥራቸውን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ነገሩን በዚያው በሥራቸው ምሳሌ አስረዷቸው። በአንጎል ውስጥ ዩቢኢ ሦስት ኤ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ አንዱ ሥራው መወገድ ያለባቸውን ፕሮቲኖች እየለየ ምልክት ማሰር ነው፤ ምልክት የታሰረበት ተወስዶ ይፈርሳል፣ ያልታሰረበት ይከማቻል። ኢንዛይሙ የሚሠራበት መመሪያ፣ ማለትም ጂኑ፣ ከአባትም ከእናትም ይወረሳል፤ ሆኖም በአንጎል ሕዋሳት ውስጥ የአባትየው ድርሻ በተፈጥሮው ተኝቶ የእናትየው ብቻ ይሠራል፤ በልጅቱ ላይ የጎደለው ደግሞ ያ የእናት ድርሻ ነበር። ሐኪሟ ይህ በማንም ጥፋት አይመጣም፣ በአጋጣሚ የሚደርስ ነው ብለው ደጋግመው ቢነግሯቸውም፣ እርሳቸው ይዘው የወጡት የእናት የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ባልየውም አላልኩሽም ነበር ብለው፣ ሳምንት ሳይቆዩ ልብሳቸውን ሸክፈው ሄዱ። እግዜር ይይላቸው!

ከዚያ ወዲህ ያ ተጫዋች ሰው ጠፋ። ከእኔ የመጣ ነው፣ እኔው እችለዋለሁ እያሉ እህታቸው ልያዝልሽ ሲሏቸው እምቢ፣ ጎረቤት ላግዝሽ ሲላቸው እምቢ አሉ፤ ፋብሪካውን ትተው ስፌት ወደ ቤት እያመጡ፣ ልጅቱን አጉርሰው፣ አጥበው፣ ደግፈው ለሙሉ ሴትነት አደረሷት። ማንኪያው በየትኛው ጉንጯ በኩል እንደሚገባላት፣ መንቀጥቀጡ ሲመጣ ዐይኗ አስቀድሞ እንዴት እንደሚፈዝ፣ የት ሲዳብሷት እንቅልፍ እንደሚወስዳት ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጡታቸው ላይ እብጠት በወጣ ጊዜም፣ ሆስፒታል ከተኛሁ እሷን ማን ይይዛታል ብለው ሕመማቸውን በነጠላና በሹራብ ሸፍነው ከረሙ፤ ለሰው የተናገሩት ነገሩ ከእጅ ካመለጠ በኋላ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ በዚያ በሚቆራረጥ እስትንፋስ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሩትን ሁሉ ለእህታቸው ሊያስተምሩ ሲጣደፉ ማየት፣ ወይኔ፣ ለጠላትም አይስጠው! ልጅቱ ከእህታቸው እጅ አልጎርስም ብላ አፏን ስትገጥም፣ እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ምነው ከሰው ጋር አለማምጃት ቢሆን ኖሮ እያሉ ተንሰቀሰቁ። ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ ልጃቸው ጸጉራቸውን ይዛ እየሳቀች ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከኋላቸው የቀሩት፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ አራት ልጆች የሚያሳድጉት የፈረቃ ሠራተኛ እህታቸው፣ ለራሳቸውም ደጋፊ የሚሹት እኚህ አጎታቸውና ልጅቱ ናቸው። እንዲቀበላት የጠየቅነው የሕፃናት መጠለያ ዕድሜዋ አልፏል ብሎ መልሷታል፤ አባቷ ተነግሯቸው አልመጡም።

በዚህ ቦታ ለሟች ነፍስ ዕረፍትን መለመን ወግ ነው። የሳቂታዋ እናት ግን የእህታቸውንና የአጎታቸውን እጅ ይዘው፣ ልጄን ማን እንደወሰዳት ሳትነግሩኝ ነፍስ ይማር እንዳትሉኝ ብለው አስምለዋቸዋል። እንግዲህ ጸሎቱ ይቆየን። ከዚህ ስንበተን ልጅቱን እኔ ይዣት እሄዳለሁ የሚል ሰው ካለ ይነሣ፤ እስኪነሣ ድረስ አጎታቸው ከቆሙበት አይወርዱም።