የውሃ ድመቷና የእንቁላሉ ሳህን

ጋሽ ጎርፍ ያን ቀን ወደ ብረታ ብረት ሱቁ የገቡት መርዝ ሊገዙ ነው። የእናት አባታቸው ስም ሌላ ነው፤ ሲቆጡ የሚመልሳቸው ስለሌለ ግን ወንዝ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ጋሽ ጎርፍ ይላቸዋል፣ እሳቸውም ከለመዱት ቆይተዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ያሰገሩ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ግን መረባቸው ጠዋት ሲወጣ ከአምስት ከስድስት ዓሣ በላይ አይዝም። ልጃቸው ተስፋ ቆርጦ ጭነት ማውረድ ከጀመረ ዓመት ሞልቶታል። አባታቸው በእጃቸው ጠርበው የሠሯትን ጀልባም ለአንድ አሸዋ አመላላሽ ሊሸጡ ቃል ሰጥተዋል፤ ወሩ ሲያልቅ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ይህን ሁሉ ያመጣችብኝ እሷ ናት ይላሉ፤ እሷ የሚሏት የውሃ ድመቷን ነው።

የውሃ ድመት፣ ላላያት ሰው፣ ቡናማ ጠጉር፣ ወፍራም ጅራትና አጭር እግር ያላት፣ ውሃ ውስጥ ስትገባ ማንም የማይደርስባት እንስሳ ናት። ከወንዙ መታጠፊያ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥታ ስትበላ ጋሽ ጎርፍ በዓይናቸው አይተዋታል። እንኳን እሳቸው ማንም ቢያያት የዓሣ ሌባ ነው የሚላት።

ባለሱቁ መርዙን ከመደርደሪያ እያወረደ፣ "ለአይጥ ነው አይደል ጋሼ?" ሲል ጠየቃቸው።

"አዎ፣ ዋና ለምትችል አይጥ።"

ከኋላቸው ሲባጎ ስታስለካ የነበረች ሴት ዞር አለች። የእህታቸው ልጅ ናት። ተምራ የወንዙን ውሃና ዓሣ በሚያጠናው መሥሪያ ቤት ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው። እግር ጥሏት እንጂ ወደዚያ ሱቅ ብዙም አትመጣም።

"አጎቴ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ። ደህና የማታድረው ሌላ ናት።"

"የውሃ ድመቷን ሊመርዟት ነው? ምን አድርጋዎት?"

"ምን አድርጋዎት ትላለች እንዴ! ዓሣዬን ጨርሳ ነዋ! አርባ ዓመት እንጀራዬን የበላሁበትን ወንዝ ባዶ አስቀረችው። አንቺ መጽሐፍ ላይ ያየሻትን እኔ በዓይኔ ነው የማያት።"

"ልክ ነዎት፣ ያይዋታል። ግን ምን ስትበላ አዩዋት?"

"ዓሣ ነዋ! ሌላ ምን ትብላ፣ ገብስ?"

ባለሱቁ ሳቁ አመለጠው፤ ጋሽ ጎርፍ ገላመጡትና መደርደሪያውን መወልወል ጀመረ።

"አጎቴ፣ ዓሣ አትበላም አልልዎትም፤ ትበላለች" አለች ልጅቷ። "ነገር ግን ከሩቅ ያዩት ዓሣ መሆኑን በምን አወቁ? ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድንጋዩ ጋ አብረን እንሂድ። የበላችውን ራሷ ጥላልን ሄዳለች። የተሳሳትኩ እንደሆነ መርዙን በራሴ እጅ ይዤልዎ እመጣለሁ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው። ደግሞ ያስቡበት፤ መርዙን ዓሣ ሆድ ውስጥ ከተው ቢያስቀምጡት እሷ ብቻ ትበላዋለች ያለዎት ማነው? የሰው ውሻ አለ። ከወንዙ የሚቀዳ ሰው አለ።"

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ነካቻቸው። ለባለሱቁ፣ "እስከ ነገ አስቀምጥልኝ፣ ለሌላ እንዳትሸጥብኝ" ብለው ወጡ።

ጋሽ ጎርፍ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህቺን ልጅ ብብቷን ይዘው ዋና ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ግን ሰው ኑሮው ሲጠብበት ጥፋቱን የሚያሸክመው ይፈልጋል፤ መልስ መስጠት የማይችል ሲያገኝ ደግሞ እፎይ ይላል። እሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በማግሥቱ ልጅቷ ወንፊትና ባልዲ ይዛ ጠበቀቻቸው። ድንጋዩ ላይ የውሃ ድመቷ ኩስ እዚህም እዚያም ተጠራቅሟል።

"ወይ ጉድ! ይኼን ልታስነኪኝ ነው መረቤን በሌሊት አስወጥተሽ ያመጣሽኝ?"

"እኔ አጥባለሁ፣ እርስዎ ይመልከቱ።"

የመጀመሪያውን ወንፊቱ ላይ አድርጋ ውሃ አፈሰሰችበት። ቆሻሻው ሄዶ ጠንካራው ቀረ።

"ምን ይታይዎታል?"

"ቅርፊት ነው... የሸርጣን ቅርፊት።"

"ይኼኛውስ?"

"ሸርጣን።"

"ሦስተኛው?"

"ሸርጣን ነው አልኩሽ እኮ፣ ልቤን አታድርቂው!"

አሥሩን አጠበች። ሰባቱ ሸርጣን፣ ሁለቱ የእንቁራሪት አጥንት፣ አንዱ ብቻ የዓሣ እሾህ ሆነ። ጋሽ ጎርፍ እሾኋን በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ብርሃን አዩዋት። "አምባዛ ነው፤ ያውም ትንሽ" አሉ። ሆኖም በዚህ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

"ትናንት ሸርጣን አምሯት ይሆናላ።"

"እኔም እንደዚያ ጠርጥሬ ነበር። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ ከሦስት ቦታ እየለቀምኩ አጠብኩ። በዝናብም በበጋም በዚህ ወንዝ ሸርጣኑ ነው የሚበልጠው። ዓሣ ስትይዝም የሚቀናት የደከመውና ቀርፋፋው ነው። ለመሆኑ አጎቴ፣ መረብ ላይ ያደረ ዓሣዎን ሆዱን ቦርቡሮ የሚያበላሽብዎ ማነው?"

ጋሽ ጎርፍ መልሱን ያውቁታል። ሸርጣን ነው። ስንቱን ጠዋት ቁጭ ብለው እየረገሙ ከመረባቸው ላይ ለቅመውታል!

"ታዲያ ዓሣዬን ማን በላው?" አሉ፤ ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበራቸውም።

ልጅቷ መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ዋና ላስተማራት ሰው ፊት ለፊት መናገሩ ከበዳት። "እቤት እንሂድ" አለች።

ባለቤታቸው ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያን ጠዋት የተያዘውን ዓሣ ሆዱን እየከፈቱ ያጥባሉ። አጠገባቸው ያለው የሸክላ ቅብ ሳህን በቢጫ እንቁላል ጢም ብሏል።

"እትዬ፣ ይኼ ሁሉ ከስንት ዓሣ ነው የወጣው?" አለች ልጅቷ።

"ከአምስት ነዋ። በዚህ ሰሞን ያላረገዘ መች ይመጣል?"

"በየዓመቱ እንደዚህ ነው?"

"ዝናብ በገባ ቁጥር ነው እንጂ! ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ትልቁ ወንዝ ውስጥ ወደሚገባው ትንሹ ወንዝ ሲወጣ ይኼ ሰውዬ የትንሹን አፍ በመረብ ይዘጋል፣ እኔ እንቁላል ስደፋ እውላለሁ። አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ እኮ እናቶች ናቸው ብዬው ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።"

ጋሽ ጎርፍ ክው አሉ። ልጅቷ ሳህኑን አንስታ አቀረበችላቸው።

"እዚህ ውስጥ ያለው በሺህ የሚቆጠር ነው። አብዛኛው ባይነካም አያድግም። ግን ከዚህ ጥቂቱ ቢያድግ ኖሮ ጀልባዋን ለመሸጥ አይደርሱም ነበር። የውሃ ድመቷ ቤተሰቧን ሁሉ ሰብስባ ዓመት ብትበላ፣ እናንተ በዝናቡ ሁለት ወር የምታወጡትን አታክልም።"

"አባቴም እኮ በዝናብ መግቢያ የወንዙን አፍ ይዘጋ ነበር!" ብለው ብድግ አሉ። አሁን ጎርፉ መጣ። "አያቴም ይዘጋ ነበር! ያኔ ዓሣ ጠፋ? አባቴ ሞኝ ነበር ልትዪኝ ነው?"

"ኧረ ምላሴን ይቁረጠው፣ እሳቸውን አልልም። መረባቸው ግን ይኖራል?"

አለ እንጂ። ከጓዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ማንም እንዳይነካው ታዞ፣ አቧራ ለብሷል። አወረዱት።

"እስቲ ጡጫዎን በቀዳዳው ያሳልፉበት።"

ጡጫቸው ሳይነካ አለፈ።

"አሁን በእርስዎ መረብ።"

ሁለት ጣት ገባ፤ ሦስተኛው ቆመ። ጋሽ ጎርፍ መረቡ ውስጥ የተቀረቀረውን እጃቸውን አዩት።

"ያኔ ስንት ጀልባ ነበር አጎቴ?"

"ሦስት።"

"ዛሬስ?"

"አሥራ አንድ" አሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል። ቀጥለውም፣ "ሌባው እኔ ነኛ" አሉ።

"ብቻህን አይደለህም" አሉ ባለቤታቸው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። "አንድ ቀን ተናግሬ ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው። እየደፋሁ ነበራ።"

በዚያኑ ቀን ከሰዓት ጋሽ ጎርፍ ሱቁ ሄደው፣ "መርዙን ለአይጥ ሽጠው" አሉ። አሸዋ አመላላሹንም ለምነው ጀልባቸውን አስቀሩ፤ ሰውዬው አጉረመረመ፣ ግን ተዋቸው። ወደ አስጋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ሲሄዱ ደግሞ በአንድ እጃቸው የአባታቸውን መረብ፣ በሌላው የእንቁላሉን ሳህን ይዘው ነበር።

"ሁለት ወር ምን እንብላ?" ብሎ አንዱ ተነሣባቸው።

"ትልቁ ወንዝ አለልህ፣ አስግርበት። የትንሹን አፍ ብቻ ተውላቸው፤ ወልደው ይመለሱ። መረቡም ጡጫ የሚያሳልፍ ይሁን። ጥፋቱ የውሃ ድመቷ ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ወንፊቱ እቤቴ ነው፣ ኑና እጠቡ።"

ሦስት ስብሰባ ፈጀ፤ በመጨረሻ ግን ተስማሙ። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር፤ መረቡ ትንሹን ሁሉ ስለሚለቅ ባዶ ጀልባ ይዞ የተመለሰ ብዙ ነው። በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ ግን የሚወጣው ዓሣ ክንድ ማከል ጀመረ፤ ገበያተኛውም ትልቁን መርጦ ይወስዳል። የውሃ ድመቷ ሁለት ልጆች አስከትላ በመታጠፊያው ብቅ አለች፤ መረብ ላይ ያደረ ዓሣ የሚቦረቡር ሸርጣንም ከበፊቱ ቀነሰ። የጋሽ ጎርፍ ልጅ ጭነት ማውረዱን ትቶ ወደ አባቱ ጀልባ ተመለሰ። የተማረ ሰው ከሥራው ሰው ጋር ተቀምጦ በአንድ ወንፊት ላይ ሲመለከት እንዲህ ያለ ጥቅም ይገኛል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲገባ አባትና ልጅ ከትልቁ ወንዝ አራት ዓሣ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው ሳህኑን አጠገባቸው አድርገው ሆድ ከፈቱ። አንዱን ከፈቱ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ጋሽ ጎርፍ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ሳህኑን አንስተው ውስጡን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነው።

"ዘንድሮ የሚደፋ የለማ፤ እናቶቹ ወደ ትንሹ ወንዝ ወጥተዋል" አሉ ባለቤታቸው። "ሳህኑን ምን ላድርገው?"

ጋሽ ጎርፍ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልደበቁትም።

"እራት አቅርቢበት" አሉ።