የሺ ጓንጉል በሕይወት ስለመኖሯ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ትርንጎ ጓንጉል ካሳው
ዕድሜ፦ 15
ሥራ፦ የቤት ውስጥ ሥራ፤ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ የተማረች
አድራሻ፦ ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ቀበሌ 03
ቀን፦ ግንቦት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

አባቴ አቶ ጓንጉል ካሳው ታናሽ እህቴን የሺን ገድለዋል ተብለው ስለታሰሩበት ጉዳይ ተጠይቄ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

የሺ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሌሊት አትተኛም፤ ሰው ትነክሳለች፤ በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ትወረውራለች። ብትገረፍም አልተወችም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደን አጥበናታል፤ ጸበልም ተጠምቃለች። በኋላ የጤና ረዳቱ አቶ ታደሰ አይተዋት፣ ልጅቱ ታማለች እንጂ አልባለገችም፣ ሕክምናው የሚገኘው አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነው ብለው ለአባቴ ነገሯቸው።

ከፋሲካ በኋላ የሺ እየተራገጠች ስላስቸገረቻቸው አባቴ በጋቢ ጠቅልለው ተሸክመዋት ጎህ ሲቀድ ወደ አውቶቡስ ሄዱ። ሐኪም ካያት በኋላ አዲስ አበባ ከሚኖሩት አክስቴ ከወይዘሮ ብዙነሽ ዘንድ ትተዋት ብቻቸውን ተመለሱ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ወይዘሮ ፈንታነሽ የሺ የት እንደገባች ጠየቁኝ። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። አባቴን አንቱ ስለምል "አማኑኤል ወሰዷት" አልሁ። እሳቸው "አማኑኤል ወሰዳት" ያልሁ መስሏቸው፣ ፈጣሪ የወሰዳት ነው ብለው ደረታቸውን መቱ። ወዲያው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። እኔም ለእናቴ የሚያለቅሱ መስሎኝ አብሬ አለቀስሁ። አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ማን እንደሞተ ቢጠይቁ "በጋቢ ጠቅልሎ ሲወስዳት አይተነው፣ ደግሞ ማን ሞተ ይላል" ተባሉ፤ ልጅቱ አዲስ አበባ ናት ቢሉም የሚያምናቸው ጠፍቶ ተያዙ።

ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሃምሳ አለቃ ይርጋ ሙላቴ ከዚሁ ፖሊስ ጣቢያ አክስቴ ወደሚኖሩበት ቀበሌ ደውለው እህቴን አስጠሩና ስልኩን ሰጡኝ። የሺ ክኒኑ እንደሚመርራት፣ ሌሊት ግን እንደምትተኛ፣ ሐኪሙም ሥዕል እንድትሥል እንደሚያደርጋት ነገረችኝ። ለምስክርነት ተጠርተው የነበሩት ወይዘሮ ፈንታነሽም ድምፅዋን ሰምተው አለቀሱ። ቢሆንም ያለቀሰው ሕዝብ በዓይኑ አይቶ እንዲያምን አሁኑኑ ትምጣ አሉ። ሐኪሙ ያዘዘው እስከ ክረምት መግቢያ እንድትታከም ነው። እኔም "እትዬ፣ ሳትድን ብትመጣ እኮ መጀመሪያ የምትነክሰው እርስዎን ነው" አልኋቸው። አባቴ ከታሰሩበት ክፍል ሲስቁ ሰማሁ። ወይዘሮ ፈንታነሽም ጥቂት አስበው "ትቆይ፣ ትቆይ" አሉ።

ስለዚህ አባቴ እንዲለቀቁ፣ እህቴም ሕክምናዋን ሳትጨርስ እንዳትጠራ እለምናለሁ። ከአፌ የወጣው እንደወጣ ተጽፎ ተነብቦልኛል፤ ሐሰት የለበትም፤ ስሜን በራሴ እጅ ጽፌ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ትርንጎ ጓንጉል
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ይርጋ ሙላቴ (ፊርማ)