ተከሳሿ አስተርጓሚ

ርዕሰ መምህሩ የተገነጠለ ሶላቸውን እየጎተቱ ወደ ጫማ ሰፊው ሱቅ ሲገቡ፣ ከትምህርት ቤታቸው ወጣት መምህርት ጋር ተገጣጠሙ። ጫማ ሰፊው መስማት የተሳነው ሰው ነው፤ ሴት ልጁ በርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ትማራለች። እንዳያቸው መዶሻውን አስቀምጦ ተነሳና፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱ እያበራ ደጋግሞ እጅ ነሳ።

ርዕሰ መምህሩ ግራ ገባቸው። ባለፈው ሳምንት ቢሮ አስጠርተው «ልጅህ በዚህ ከቀጠለች ክፍል ትደግማለች» ያሉት ይህንኑ ሰው ነበር።

መምህርቷ መስማት የማይችል ወንድም ስላላት የምልክት ቋንቋ ታውቃለች። ሰውየውን በእጇ አነጋግራ ወደ አለቃዋ ዞረች።

«‹ልጄ ጎበዝ መሆኗን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ› ይላሉ። ያን ቀን ያስተረጎመው ማን ነበር፣ ጋሼ?»

«ልጅቷ ናት እንጂ ሌላ ማን አለ» አሉና፣ ወዲያው ነገሩ ገባቸው። «ቀጣፊ ናት ለካ። ነገ አሳያታለሁ።»

«እርስዎ ቢሆኑ በራስዎ ላይ የቀረበውን ክስ ለአባትዎ አጥርተው ያደርሱ ነበር?»

ከአንዲት ለጋ መምህርት ይህን አልጠበቁም። «እኛ ማንንም ከበር አልመለስንም» አሉ ቆጣ ብለው። «ስብሰባ ሲጠራ ይመጣል፣ ወንበር እንሰጠዋለን። ካስፈለገም ጽፈን እንስጠው።»

«ማንበብ አይችሉም። በልጅነታቸው ‹የማይሰማ ልጅ ምን ይማራል› ተብለው ቤት ቀርተዋል። እኛም ወንበሩን ሰጠናቸው እንጂ ስብሰባውን አልሰጠናቸውም።»

«ታዲያ ለአንድ ወላጅ ብለን አስተርጓሚ እናምጣ?»

«አንድ መሆናቸውን በምን አወቅን? ሌሎቹ ምንም ላይገባቸው ለምን ይምጡ? ልጅቷም ብትሆን ሐኪም ዘንድ፣ አከራይ ዘንድ፣ ገበያ የምታስተረጉመው እሷው ናት። የምታጠናው መቼ ነው?»

ርዕሰ መምህሩ ግትር ቢሆኑም ክፉ ሰው አልነበሩም። ዓይናቸው ጫማ ሰፊው ላይ አረፈ። ሰውየው ከአንዳቸው አፍ ወደ ሌላቸው እያየ ነው፤ ፈገግታው ከፊቱ ጠፍቷል። ስለ እሱ ይህን ያህል ሲከራከሩ አንዲት ቃል የነገረው አልነበረም።

«ንገሪያቸው» አሉ ቀስ ብለው። «የልጅቷንም፣ የኛንም።»

ነገረችው። ሰውየው ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። ከዚያ እጆቹ ተንቀሳቀሱ።

«‹አትቅጧት። ከእንግዲህ ግን የልጄን ነገር በልጄ አፍ አትላኩብኝ› ይላሉ።»

ለሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር በርዕሰ መምህሩ ጥያቄ አስተርጓሚ ላከ። ጫማ ሰፊው ከፊት ተቀመጠ፤ ከዚህ ቀደም መጥተው የማያውቁ፣ መስማት የተሳናቸው ሁለት እናቶችም አጠገቡ። ሐኪም ቤትም አብራው የምትሄደው የማኅበሩ አስተርጓሚ ስለሆነች፣ ልጅቷ ከሰዓት በኋላዋን ለጥናት አገኘች፤ በዓመቱ መጨረሻም ክፍሏን አለፈች። መምህራኑም የምልክት ቋንቋ መማር ጀመሩ። የተጠቀመው አንድ ቤተሰብ ብቻ እንዳልሆነ ግን የታየው በዚያው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ጫማ ሰፊው እጁን አውጥቶ፣ የልጆቹ መጸዳጃ ቤት ለምን ውሃ እንደሌለው ጠየቀ። ርዕሰ መምህሩ ስለ በጀት አብራሩ። መልሱ አላረካውም፤ እንደገና ጠየቀ። ይህን ጊዜ ሌሎቹም ወላጆች ተነሱ፣ ስብሰባውም እስኪመሽ ቆየ።

«እኚህ ሰው ለካ ተከራካሪ ናቸው» አሉ ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ድሮም ነበሩ» አለች መምህርቷ።

በሳምንቱ ቧንቧው ተሠራ።