በላሜራ ስለተዘጋው የሦስተኛው ክፍል መስኮት የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ለደህንነቱ ሲባል በታሸገ ኤንቨሎፕ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ በያጅ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ የብረታ ብረት መደዳ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሚያዝያ 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ ሥራዬና አድራሻዬ የተገለጸው ምስክር ቃሌን የምሰጠው ማንም አስገድዶኝ ሳይሆን እህል አልወርድ ብሎኝ ነው። መርማሪው ነገሩን ባጭሩ እንድናገር ነግረውኛል፤ ባጭሩ የሚነገር ቢሆን ኖሮ አስራ አንድ ቀን ጉሮሮዬ ላይ አይቆምም ነበር።

መጋቢት 28 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የደንብ ልብስ የለበሰ ሹፌር ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ የአንድ ዕቃ ማከማቻ መስኮት በላሜራ እንዲዘጋ መፈለጉን ነገረኝ። ማሽኔን ጭኜ ሄድኩ። የደረስነው ከዱቄት ፋብሪካው ጎን ካለው የድሮ መጋዘን ግቢ ነው። ሦስተኛው ክፍል በር ላይ የታጠቀ ጠባቂ ቆሟል። «ዕቃው ሊያመልጥ ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ፤ ማንም አልሳቀም።

መሰላል ላይ ወጥቼ መስኮቱን ስለካ ፊቴን የመታኝ ሽታ የዕቃ ሽታ አልነበረም። ወደ ውስጥ አየሁ፤ ሰው ነው። የመቀመጫ ቦታ ጠቧቸው ግማሾቹ ቆመዋል። ከመስኮቱ ሥር የነበረ አንድ ጎልማሳ ሁለቱም እጆቹ ከአንጓቸው አብጠው ጣቶቹን ማጠፍ ተስኖት ነበር። ወርጄ ለግቢው ኃላፊ «ጌታዬ፣ ሰው አለበት እኮ!» ስለው፣ «ታዲያስ! በመስኮት ስማቸውን ለመንገደኛ እየጮሁ አስቸገሩን፤ ዝጋው» አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በሥራዬ አንድ አመል አለብኝ፤ ከመበየዴ በፊት ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ አንኳኳለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህሬ ይህን አመሌን ማስተው ቢያቅታቸው «ጥድፊያ» የሚል ስም አወጡልኝ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም። እኚህ ሰው ከሰባት ወር በፊት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተይዘው ተወስደዋል፤ እስከ ዛሬ ክስ አልተመሠረተባቸውም፣ ዳኛ ፊትም አልቀረቡም። አስም አለባቸው።

ላሜራውን በአራቱ ማዕዘን ነጥብ ነጥብ አድርጌ ከያዝኩ በኋላ ጎኖቹን ልበይድ ኤሌክትሮዱን ሳንኳኳ፣ ከውስጥ «አንተ ጥድፊያ! ዛሬም አልለቀቀህም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬን ወደ ላሜራው አስጠጋሁ። «ጋሼ?» አልኩ። «እኔው ነኝ። አስራ ዘጠኝ ነን። እዚህ መሆኔን ለባለቤቴ ንገርልኝ። የታችኛውን ጎን ደግሞ እንዳትበይደው፣ ልጄ፤ አየር እንሳብበት» አሉኝ። በየቃሉ መሀል ያርፋሉ፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል።

ኃላፊው ከታች «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ። «ከብረቱ ጋር» አልኩት። «ብረት መልስ አይሰጥም። ቀጥል!» ብሎ መሰላሉን ይዞ ቆመ። የታችኛውንም ጎን በየድኩት። ጭሱ ወደ ውስጥ ሲገባ ሳላቸውን እየሰማሁ በየድኩት። ሰውየው ብየዳ አያውቅም፤ ለይስሙላ አልፌው ብወርድ አይነቃብኝም ነበር። እኔ ግን ከፍርሃቴ የተነሳ እጄ የለመደውን ሠራ፤ ጋሼ እንዳስተማሩኝ መርፌ የማያሳልፍ አድርጌ ጨረስኩት። እጄን ጠላሁት።

ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ፤ ልጆች አሉኝ፣ ፈራሁ። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ የተሰበረ የበር መቀርቀሪያ ይዘው ሱቄ መጡ፤ የቤታቸውን ብረት ሁልጊዜም የምሠራው እኔ ነኝ። የጋሼን የሚነፋ መድኃኒት በየሳምንቱ ምናልባት እዚያ ይሆናሉ ብለው ወደዚያው ግቢ እየወሰዱ «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም» ተብለው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደቡኝ! «ክፍሉ ሌላ መስኮት አለው?» ብቻ አሉኝ። የለውም አልኳቸው።

መርማሪው ድምፁን ተሳስቼ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አራት ዓመት ሲጮኹብኝ የኖሩትን ሰው ድምፅ አልስትም። እሳቸው እዚያ ናቸው፤ የሉም የሚል ሁሉ ይዋሻል። እኔም ላጠፋሁት ልጠየቅ፤ እሱ ይደርሳል። አሁን ግን መቁረጫ ማሽኔን ይዤ መጥቻለሁ፤ ፍተሻው ላይ አስቀርተውብኛል። ግቢው ከዚህ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው፤ ላሜራውን ለመቁረጥ አስር ደቂቃ አይፈጅብኝም። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ስጡኝ።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ቃሌ ነው። የጨመርኩት የለም፤ ራሴን ለማዳን ብዬ የቀነስኩትም የለም።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

ማስታወሻ፦ ቃሉ ከረፋዱ 5፡10 ተጠናቋል። መዝገቡ ውሳኔ እንዲሰጥበት ለምርመራ መምሪያው ኃላፊ ተመርቷል፤ ኃላፊው እስከ ሰኞ በስብሰባ ላይ ናቸው። ምስክሩ ሲወጣ መቁረጫ ማሽኑ በር ላይ ተመልሶለታል።