ከናሁሰናይ በላይ የነበረ ሰው

ትዕዛዙ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅና ኳስ ሲወድ ኖሯል። በከተማው ቡድን ማሊያ ላይ ቁጥር የሚሰፋው እሱ ነው፤ ጨዋታ ባለ ቀን ከግቡ ጀርባ ቆሞ ከበሮ የሚመታውም እሱው ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩት። አንደኛዋ እትዬ አያልነሽ ናቸው፤ ከገጠር የመጡ፣ ኳስ ሜዳ ደርሰው የማያውቁ ባልቴት። የካፖርታቸው ገበር እስኪቀየር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ሁለተኛው ወንድምአገኝ ነው።

ወንድምአገኝ መስታወቱ ፊት ለፊት የእንጨት ሳጥን ላይ ቆሟል። በወጣትነቱ የቡድኑ ተከላካይ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ያኔም ደንዳና ነበር፣ አሁን ደግሞ ጨምሮበታል። ቅዳሜ ከተማው ናሁሰናይን ሊያከብር ነው። ናሁሰናይ በአካባቢው ታይቶ የማይታወቅ አጥቂ ነበር፤ ጉልበቱ ተሰብሮ ባይቀር ኖሮ የት በደረሰ ይባልለታል። በዓሉ ላይ ዋናውን ንግግር እንዲያደርግ የተመረጠው የልብ ወዳጁ ወንድምአገኝ ነው። ለዚሁ ብሎ አዲስ ሙሉ ልብስ እያሰፋ ነው። ልኩን ሲለካ፣ ንግግሩን በመስታወቱ ፊት ሁለቴ ተለማምዶታል። አሁን ከብብቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ስፒል ተሰክቶበት እጆቹን እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ዘርግቶ ቆሟል። ትንሽ ከተነቃነቀ አንዱ ይወጋዋል።

«እትዬ አያልነሽ» አለ ትዕዛዙ በርከክ ብሎ የሱሪውን ጠርዝ እያጠፈ፣ «ውርጩ ገብሱን አልጎዳብዎትም? … ተመስገን ነው። በጎቹስ? … እሰይ። እኛም ደኅና ነን። ብርዱ ብቻ ነው። ብርድ ደግሞ ከመንዝ ወጥቶ የት ይሄዳል? … እኔስ ብርድ ሲሆን የማስበው ያንን ልጅ ነው፣ ናሁሰናይን። ብርድ ጉልበቱን ይቀሰቅስበታል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያሸው ሳይ አንጀቴ ይላወሳል።»

ወንድምአገኝ የወዳጁ ስም ሲነሣ ደስ አለው። በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን ሐዘንተኛ አስመሰለና ለቅዳሜ ጥሩ እንደሚሆን አየ።

«ሲጫወት አላዩትም እኮ። ምን ብዬ ልንገርዎት? ኳሷ እንደ ለማዳ ጠቦት ነበር የምትከተለው። አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን የቀየት ከተማን ተከላካዮች አንድ በአንድ ሸውዶ ሲያልፍ ውሻ ሜዳ ገባ። ምን ያደርጋል ብለን ስንጠብቅ፣ ውሻውንም ሸውዶት አለፈ። ውሻው አፍሮ ቁጭ አለ። … አይሳቁ፣ እውነቴን ነው፤ ባለቤቱ ከዚያ ወዲያ ውሻው መጮህ ተወ ብሎ ሲያማርር ኖሯል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት እዚህ ይቀራል? … አዎ፣ ጉልበቱ። ከቀየት ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ከአዲስ አበባ ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች መልማይ መጥቶለታል፤ ሰውየው በርኖስ ተውሶ ለብሶ ዳር ላይ ተቀምጧል። እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል ናሁሰናይ ኳሷን ከመሐል ይዞ ተነሣ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ በረኛውን አስተኛውና አገባ። እኔ ከበሮዬን ቀደድኩት። መልማዩ በርኖሱን ጥሎ ተነሣ። ያን ዕለት ሜዳ የነበረ ሰው ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚለው አንድ ነው፤ ከናሁሰናይ በላይ ማንም አልነበረም ይላል።»

ስፒል አነሣና ጠርዙ ላይ ሰካ።

«እኔ ግን አልስማማም … አንድ ሰው ነበረ።»

ወንድምአገኝ አንገቱ ላይ ሙቀት ተሰማው። ዘወር ሊል አሰበና አንዱ ስፒል ጎኑን ነካ ሲያደርገው ተወው።

የትዕዛዙን አነጋገር ያውቀዋል፤ ሰፊው ሰውን በስሙ ጠርቶ ተናግሮ አያውቅም። ያን ዕለት የሆነውንም ከማንም በላይ ያውቃል። ጎሉ ሲቆጠር ደስታ አሳበደው። ከራሱ ግብ ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠና ዘሎ ናሁሰናይ ላይ ወጣበት። ናሁሰናይ ቀጭን ነበር። አብረው ሲወድቁ ወንድምአገኝ ከሥሩ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማ። ከዚያ ሌሎቹ ከላይ ተደራረቡ። አቧራው ሲረግፍና ሰው ሁሉ ማን ነካው እያለ ሲጠይቅ፣ የሌላ ሰው ስም ከአፉ ወጣ። ያንን ስም ለብዙ ዓመት ደጋግሞ ከመናገሩ የተነሣ የሌላው ሰው እግር ሲሰነዘር ያየ እስኪመስለው ደርሷል።

«ስሙን አልነግርዎትም» ትዕዛዙ ቀጠለ፣ «ሙገሳ የማይወድ ሰው ነው። … ወዳጁ ነው ልበልዎት። እንዲህ ያለ ወዳጅስ ዛሬ የት ይገኛል? ጨዋታው ተጀምሮ እስኪያልቅ ከቆመበት ንቅንቅ ያላለ ሰው፣ የቀየት አጥቂ ሽው ብሎ ሲያልፈው እንኳ በዓይኑ ብቻ የሸኘ ሰው፣ ወዳጁ ሲያገባ ጊዜ እንደ ፈረስ ጋልቦ መጣ። እኛማ ሯጭ መሆኑን ያን ዕለት አወቅን። ይህ ፍቅር ካልሆነ ምን ይባላል? … ደግሞ ከባድ ሰው ነው። ቁም ነገረኛ ማለቴ ነው፤ ክብደት ያለው። እጅህን ዝቅ አድርግልኝ እስቲ፤ አዎ፣ እንደሱ። … ምን እያልኩ ነበር? ዘሎ ሲያቅፈው ናሁሰናይ ፍቅሩን መሸከም አቃተው። ፍቅር ለመሸከም ጉልበት ይጠይቃል፣ አይደለም እንዴ እትዬ? ናሁሰናይ ደግሞ ጉልበት የለውም። … እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነበረው።»

እትዬ አያልነሽ ከንፈራቸውን መጠጡ። ያን ወዳጁን ማንነቱን ሳያውቁት በጣም አዘኑለት። ሐዘናቸውን የሚጋራ ሰው ፈልገው ሳጥኑ ላይ ለቆመው ደንበኛ ቆሎ ዘረጉለት። ወንድምአገኝ እጁን ማንሣት ስላልቻለ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አመሰገናቸው።

«እኔ ከግቡ ጀርባ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ‹ውረድለት! ውረድለት!› እያልኩ ጮህኩ። ከበሮ መቺ ሲጮህ ግን ሰው ዘፈን ይመስለዋል። ደጋፊው በሞላ ተቀብሎኝ ‹ውረድለት፣ ውረድለት› እያለ ያጨበጭብ ጀመር። በጭብጨባ ነው የተሰበረው ልጁ። ይኸው ዛሬም ቡድናችን ሲያገባ ያንኑ እንዘፍናለን። ወጣቶቹ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አያውቁም፤ የድል ዘፈን ይመስላቸዋል። … በኋላ ‹ማን ነካው?› ሲባል ያ ደግ ወዳጁ ደንግጦ ነው መሰለኝ፣ ጣቱ ተዘርግቶ ሄደና ገብረ አማኑኤል ላይ አረፈ። ገብረ አማኑኤል የቀየት ተከላካይ ነው። በሰዓቱ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። … የሚገርም እግር ነው። ከዚያ ሆኖ ደረሰበት።»

የሱሪውን ጠርዝ ጨርሶ ተነሣና እጅጌው ላይ መጣ። አሁን ፊቱ ከወንድምአገኝ ፊት አንድ ስንዝር ይርቃል፤ ዓይኑን ግን ከእትዬ አያልነሽ ላይ አልነቀለም።

«ሰው አባረረው፣ ምስኪኑን። አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ካልሲ ሆኖ ገብሱን እየሰነጠቀ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ መሐል ሜዳን አልረገጠም። የበግ ገበያውን ሚስቱ ናት የምትወጣለት። ያኔ ጡት ያልጣለች ሴት ልጁ ዛሬ ደርሳ እዚህ እኛ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። ምን ብለው እንደሚጠሯት ያውቃሉ? የሰባሪው ልጅ። ወላጅ ሲጠራ አባቷ አይመጣም። ባለፈው ዩኒፎርም ላሰፋላት ብላ ብቻዋን መጥታ ልኳን ስለካ፣ የአባትሽ ስም ማን ነው ብላት ዝም አለችኝ። … ዝም ማለት ያምርባታል። ሳትናገር የኖረች ልጅ ናት፤ እንደ አንዳንዱ ሰው ነገር አታበዛም።»

ይህን ወንድምአገኝ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሰውየው ልጅ እንዳለው እንኳ አላወቀም። ገብረ አማኑኤል በእሱ ሐሳብ ውስጥ ዕድሜ ሳይጨምር፣ ሁልጊዜ ገብስ ውስጥ እንደሮጠ ነበር። መስታወቱን ላለማየት ወደ ጣራው ቀና አለ።

«ናሁሰናይስ ምን አለ ይሉኛል? ምንም አላለ። ጉልበቱ ዳነ ሲባል ተመልሶ ሞከረ። አበጠ። ሌላ ዓመት ሞከረ፣ ደግሞ አበጠ። መልማዩም ሌላ ልጅ ወሰደ። ሰው ማን ሰበረህ ሲለው፣ ኳስ ነው ብሎ ያልፋል። ወዳጁን አሳልፎ አይሰጥም፤ ሞኝ ስለሆነ አይደለም፣ ስለሚወደው ነው። ወዳጁም ውለታ አይረሳም። በዓል በመጣ ቁጥር ቅልጥም ይልክለታል። ለአጥንት ጥሩ ነው ብሎ። … አሳቢነት ነው እንጂ ሌላማ ምን ይባላል? ቅዳሜ ደግሞ ንግግር ያደርግለታል። ‹በዚያች ቀን ከጎኑ ነበርኩ› ብሎ ይጀምራል አሉ። አዩልኝ ትሕትናውን? ከጎኑ ብቻ? … ሌላ ሰው ቢሆን የነበረበትን ቦታ በኩራት ይናገር ነበር።»

እትዬ አያልነሽ መቆርጠማቸውን አቆሙ። በመጀመሪያ ትዕዛዙን፣ ቀጥሎ አዲሱን ሙሉ ልብስ፣ ከዚያ ልብሱ ውስጥ ያለውን ሰው አዩ። ለእሱ ብለው ያስቀመጡትን ያልተነካ ቆሎ ከአግዳሚው ጫፍ አንሥተው ወደ መሐረባቸው መለሱት።

ወንድምአገኝ ስለ ቆሎው አፈረ። ሰፊው ከተናገረው ሁሉ ይልቅ እሱ አሳፈረው። ሌላ ነገርም ትዝ አለው፤ ማንም የማያውቀው፣ ትዕዛዙም ከግቡ ጀርባ ሆኖ ሊሰማው ያልቻለው። ከተደራረቡት ሰዎች ሥር ፊት ለፊት ሲተያዩ ናሁሰናይ አፈር የበላ አፉን ከፍቶ «አይዞህ» ብሎት ነበር። ጉልበቱ የተሰበረው ልጅ፣ እሱን።

ቀኝ እጁን አነሣ። የብብቱ ስፒሎች ተራ በተራ ወጉት። ኮቱን ገለጥ አድርጎ ከሸሚዙ ኪስ ስልኩን ሲያወጣ አንዱ ጎኑ ላይ ገብቶ ቀረ፤ አላወጣውም። የበዓሉ ኮሚቴ ጸሐፊ ውባየሁ ዘንድ ደወለ።

«ውባየሁ፣ የቀየቱ ገብረ አማኑኤል ቅዳሜ ይጠራ» አለ። «አዎ፣ እሱ። ከነልጁ። ክብር ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ የመክፈቻዋንም ኳስ እሱ ይምታት። ያን ቀን አልነካውም።»

ከስልኩ ውስጥ ውባየሁ ጮክ ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል። ታዲያ ማን ነው የሰበረው እያለ ነው። ወንድምአገኝ ለአፍታ መስታወቱን አየ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው፣ እጅጌው አንድ ብቻ በሆነ ኮት፣ ላብ አጥምቆት ቆሟል።

«እሱን ቅዳሜ በማይክራፎን እናገራለሁ» አለና ዘጋው።

ትዕዛዙ በእጁ የቀሩትን ስፒሎች የስፒል ማስቀመጫው ጣሳ ውስጥ ጣላቸው። ወንድምአገኝን ክንዱን ደግፎ ከሳጥኑ አወረደው፤ ጎኑ ላይ የተሰካውንም ቀስ ብሎ ነቀለለት። ወንድምአገኝን ትንሽ ቀለል አለው። ነገሩ አለቀ ብሎ አሰበ፤ ሰፊውም ይቅር ያለው መሰለው። ኮቱን አውልቆ በሸሚዙ ብቻ ቆሞ ብርዱ ሲሰማው፣ ትዕዛዙ ልብሱን ክንዱ ላይ አጣጥፎ በዚያ ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየው። ድምፁም እንደ አባት ለሰለሰ።

«በል ወንድሜ፣ ለቅዳሜ ይደርስልሃል። በጤና ልበሰው፣ በደስታ ቅደደው። ይህን ያህል ዓመት ወዳጅህን ያልረሳህ ሰው ነህና እግዚአብሔር ዋጋህን አያስቀርብህ … ደስ ባለህ ቀን ሁሉ፣ ልክ እንደ ራስህ ያለ ወዳጅ እየሮጠ ይድረስልህ።»